ጸጥ ያለ መንገድ፣ ጭር ያለ መንገድ

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለም። እኔና እናንተ ብቻ ነን። ከኋላዬ የወፍ ድምፅ ከሰማችሁ መስኮቱን ስላልዘጋሁት ነው። ባሕር ዳር ላይ በዚህ ሰዓት መስኮት መዝጋት አልወድም።

ስለ ሳይክል ላወራችሁ ነው። ስለ ውድድር አይደለም። አስፋልቱ ካለቀ በኋላ ስላለው፣ ፒስታ ስለምንለው መንገድ ነው። ጠጠሩ ጎማ ስር ከሽ ከሽ ሲል፣ ሌላ ምንም ድምፅ ሳይኖር። እኔ ከዚያ ድምፅ ጋር ፍቅር ከያዘኝ ቆየሁ።

ባሕር ዳር ሜዳ ናት፣ ታውቃላችሁ። ዘንባባው ስር ተማሪውም፣ ሠራተኛውም፣ ዳቦ የገዛውም በሳይክል ነው የሚሄደው። እኔም የለመድኩት እዚሁ ነው፤ በሰዓት ሒሳብ በምትከራይ ከባድ የቻይና ሳይክል። ማርሽ የሚባል ነገር የላትም። ለሜዳ ደግሞ ማርሽ ምን ያደርጋል? ማርሽ የሚያስፈልገው ከከተማ ሲወጣ ነው።

የምወደው መንገድ ወደ ጢስ ዓባይ የሚወስደው ነው። ዓባይ ከጣና ሲወጣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር አካባቢ ላይ ነው። ከዚያ 30 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ሄደ ነው ገደል የሚያገኘው። እኛም አብረነው እንወርዳለን። ወንዙ በግራችን ነው፤ ሁልጊዜ ግን አይታይም። ዛፍ ይጋርደዋል፣ ኮረብታ ይሸፍነዋል፣ ደግሞ ድንገት ብልጭ ይላል። ልጅ ሆኜ ስሄድበት ከዳር እስከ ዳር ፒስታ ነበር። ዛሬም ከዋናው መንገድ እየወጣሁ መንደር ለመንደር የሚሄዱትን መንገዶች ነው የምመርጠው።

ተራራ አይደለም። እጥፋት ነው ብል ይሻላል። በየእጥፋቱ ጅረት አለ፤ ጅረቱ ሁሉ የሚሄደው ወደ ዓባይ ነው። ወደ ጅረቱ ትወርዳላችሁ፣ ትሻገራላችሁ፣ ከዚያ አቀበት። ጉብታው ላይ ስትደርሱ አንዱ ማሳ ጤፍ ነው፣ አንዱ በቆሎ፣ አንዱ ዳጉሳ። ከወንዞቹ ትልቁ አንዳሳ ነው። እዚያ አካባቢ ጥቁርና ነጭ ዥንጉርጉር የፎገራ ላሞች መስኩ ላይ ሲግጡ ካያችሁ፣ እባካችሁ ወርዳችሁ ትንሽ ቁሙ። እኔ ሁልጊዜ እቆማለሁ። ጠዋት የወንዙ ጭጋግ ሳይነሳ፣ መጀመሪያ የሚታየው ሻኛቸው ነው።

ወር ከጠየቃችሁኝ ጥቅምት። ክረምቱ አልቋል፣ አቧራው ገና አልመጣም፣ ፏፏቴውም ውኃ አለው። በክረምት አትሞክሩት። ቀዩ አፈር ዝናብ ቶሎ ይጠጣል፤ ጥቁሩ ዋልካ ግን ይይዛችኋል። በጎማውና በፓራፋንጎው መሃል ይጠቀጠቅና ጎማው መዞር ያቆማል። ከዚያ በኋላ ሳይክሉን ተሸክሞ መሄድ ነው።

ስለ ጎማ አንድ ነገር ልናገር፣ ብዙ ሰው ስለሚሳሳት። ለፒስታ ጎማ ድንጋይ እስኪሆን አይነፋም። በጣም የተነፋ ጎማ ጠጠር ሲያገኝ አይታጠፍም፤ ጠጠሩ ሳይክሉንም ሰውየውንም ያነሳል። በየጠጠሩ ስትነሱ ጉልበታችሁ ወደ ፊት መሄዱ ቀርቶ ወደ ላይ ይባክናል። እጅ ይደነዝዛል፣ ቁልቁለት ላይም ጎማው ይንሸራተታል። ትንሽ ለስለስ ያለ ጎማ ግን ጠጠሩን ያቅፈዋል። ሰፋ ያለ፣ 40 ሚሊ ሜትር አካባቢ የሆነ ጎማ ከተገኘ በጣም ጥሩ ነው። ብቻ ማለስለሱም ልክ አለው፤ በጣም ከተነፈሰ ድንጋይ ሲመታው ካላማዳሪው ቸርኬው ላይ ተጨፍልቆ ይበሳል።

በውጭ አገር ይሄ አሁን ራሱን የቻለ ስፖርት ሆኗል። ግራቭል ይሉታል፤ የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና እ.ኤ.አ. በ2022 ጣሊያን ውስጥ ተካሂዷል። ደስ ይለኛል። ለኛ ሰውም ሳይክል አዲስ ነገር አይደለም። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ስትሄድ፣ እ.ኤ.አ. በ1956 ሜልቦርን፣ ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞችም ልካ ነበር። ይህን ለወጣት ጋላቢዎች ስነግራቸው ፊታቸው ሲበራ አያለሁ።

አሁን ወደ ልቤ ነገር ልምጣ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ከአንዳሳ አለፍ ብዬ፣ የኋላ ጎማዬ ተበሳ። እሾህ ነው። መለጠፊያና ማስቲሽ ይዣለሁ፤ ቀዳዳው ግን አልታይ አለኝ። በጆሮዬ ባዳምጥ፣ በከንፈሬ ባስጠጋ፣ የለም። ነፋስ ነበር። አንዲት እናት ከአጥር ግቢያቸው ብቅ አሉና «እኔን! ወደቅህ ወይ የኔ ልጅ?» አሉኝ። አልወደቅኩም እማማ፣ ጎማው ነው፣ አልኳቸው። ዝም ብለው ገቡ። ሲመለሱ በሳፋ ውኃ ይዘዋል። ልጆቻቸው ሳይክል ነበራቸውና ያውቃሉ። ካላማዳሪውን ውኃው ውስጥ ነከርኩት፤ ወዲያው ቡልቅ ቡልቅ አለ። ለጠፍኩት።

ውኃው ከወንዝ በጀሪካን የመጣ ነው። ሳፋውን ልደፋው ስል እጄን ያዙኝና ጥጃቸው ፊት አስቀመጡት። ጥጃው ጠጣ። «አሁን ቡና ሳትጠጣ ብትሄድ ቅር ይለኛል» አሉ። ተቀመጥኩ።

እየጠጣን ጠየቁኝ። «ይሄን ያህል መንገድ ብቻህን ስትመጣ አትፈራም?» እኔ ደግሞ፣ መንገዱ ጸጥ ያለ ስለሆነ ነው የምወደው፣ አልኳቸው። እሳቸው ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። «ጸጥ ያለ ጥሩ ነው። ጭር ያለ ነው መጥፎ።»

ይህን ከሰማሁ ጀምሮ ከአእምሮዬ አልወጣም። ሁለቱን ቃላት አንድ አድርጌ ነበር የምጠቀምባቸው። ጸጥ ያለ መንገድ ሰው አለበት። እረኛ አለ፣ እንጨት የተሸከመች ልጅ አለች፣ ቄሱ በበቅሎ ይመጣሉ። ጩኸት ብቻ ነው የሌለው። በመኪና ሰውን ታያላችሁ እንጂ አታገኙትም። በሳይክል ግን ሰላምታው ሙሉ ሆኖ ያልቃል። «እንደምን አደራችሁ?» «እግዜር ይመስገን፣ እንደምን አደርህ?» «እግዜር ይመስገን።» ይችን እስክንጨርስ ገና አልተላለፍንም። ለኔ የሳይክል ፍጥነት ማለት ይሄ ነው።

ጭር ያለ መንገድ ሌላ ነው። እረኛው የለም። በሩ ተዘግቷል። ውሻ እንኳ አይጮህም። ያኔ የጎማችሁ ድምፅ ራሱ ይከብዳችኋል።

በእነዚህ ዓመታት ሁለቱንም አይተናል። ለማዘን አይደለም የማወራው፤ ግን ስለዚህ መንገድ አውርቼ ይህን ብዘል ዋሸሁ ማለት ነው። እንደ ድሮው ጠዋት ተነስቶ ዝም ብሎ መውጣት የለም። ጸጥታ የሚለው ቃላችን ራሱ ሁለት ነገር ተሸክሟል፤ የድምፅ አለመኖርን እና ሰላምን። ድሮ ከከተማ የምወጣው የመጀመሪያውን ፍለጋ ነበር። አሁን ሁለተኛው ከሌለ የመጀመሪያው ምንም እንደማይጠቅመኝ አውቃለሁ።

ጢስ ዓባይ ስደርስ ሳይክሌን መንደሩ ውስጥ አደራ እሰጣለሁ። ከዚያ በእግር ወደ አላታ የድንጋይ ድልድይ እወርዳለሁ። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ ነው፤ አሁንም ሰውና ከብት ይሻገርበታል። ፏፏቴው 40 ሜትር ያህል ነው የሚወርደው። በበጋ ሲሳሳ ያየ ሰው ያዝናል፤ ውኃው ለመብራት ኃይል ስለሚጠለፍ ጭምር ነው። በጥቅምት ግን ጢሱ ፊታችሁን ያረጥባል። ላብ ያለበት ፊት ላይ ያ ካፊያ ሲያርፍ ምን እንደሚመስል በቃል አልችልም። መመለሻው አቀበት እንደሆነ ግን አትርሱ፤ ወንዙ የወረደውን ሁሉ እናንተ ትወጡታላችሁ። ውኃም ዳቦም ለመመለሻው አስቀሩ።

የእማማ ልጅ ስልክ አለኝ። ከመውጣቴ በፊት እደውልለታለሁ። መንገዱ እንዴት ነው፣ እለዋለሁ። አንድ ጊዜ «ጭር ብሏል» አለኝ። ጎማውን ነፍቼ ጨርሼ ነበር። ሳይክሉን ግድግዳው ላይ አስደግፌ ቀረሁ።

ትናንት ማታ ደወልኩለት። «የገበያ ሰው እየሄደ ነው፣ አህያው ሁሉ ወጥቷል፣ ና» አለኝ። እማማም ከኋላ «ቡና ይዞ ይምጣ በለው» ሲሉ ሰማኋቸው። የዘጌ ቡና ገዝቼ አስቀምጫለሁ። ነገ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ እወጣለሁ።