በረኪና ቆሻሻ አያወጣም

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ከረማችሁ። ዛሬ የማነሣው ነገር በረኪና ነው። ነጭ ልብስ ነጭ ሆኖ እንዲቆይ በረኪና የግድ ነው ወይ? መልሴን ቀድሜ ልናገር፦ ለዘወትር አጠባ አያስፈልግም። ለነጠላና ለጋቢማ ከጥቅሙ ጉዳቱ ይበልጣል። በእርግጥ የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ፤ እሱ ግን ከንጣት ጋር አይገናኝም፣ ኋላ እመጣበታለሁ።

በረኪና የምንለው ስሙን ከጣሊያንኛው «ቫሬኪና» የወረሰ ሲሆን፣ ጠርሙሱ ውስጥ ያለው በውኃ የሟሟ ሶዲየም ሃይፖክሎራይት ነው። አዲስ ሲሆን ጥንካሬው ብዙውን ጊዜ 5 በመቶ አካባቢ ነው። ሥራው ቀለም መግደል ነው። የቆሻሻውን ቀለም የሚሰጠውን ክፍል ይሰብረዋል፣ ያን ጊዜ ቆሻሻው ለዓይናችን ይጠፋል። ቅባቱ ግን እዚያው ነው።

የሸሚዝ ኮሌታ ተመልከቱ። ያ ቢጫ መስመር ከአንገት የወጣ ቅባት ነው። በረኪና ስታፈስሱበት ይነጣል፣ ደስ ይላችኋል። ቅባቱ ስላልወጣ ግን ሸሚዙ ቁም ሣጥን ውስጥ ሰንብቶ ሲወጣ መስመሩ ተመልሶ መጥቷል። በሚቀጥለው አጠባ በረኪናው ይጨመራል፤ ቅባቱ አሁንም አይነቃነቅም፣ የሚጎዳው ጥጡ ነው። ቅባት የሚያወጣው ሳሙናና ሞቅ ያለ ውኃ ነው። ኮሌታው ላይ ትንሽ ፈሳሽ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጠብ አድርጋችሁ በጣት አሸት አሸት አድርጉና 15 ደቂቃ ተዉት፣ ከዚያ እጠቡት።

የብብቱ ቢጫ ደግሞ ሌላ ነው። ላብ ከላብ መከላከያው አሉሚኒየም ጋር ተጣብቆ የሚፈጥረው ነው፣ በረኪና ሲነካው ይብሳል እንጂ አይሻለውም።

በግዕዝ ጸዓዳ ማለት ነጭ ማለት ነው። ጽዳትና ንጣት በአእምሯችን ተቃቅፈው የሚኖሩት ያለ ነገር አይመስለኝም። ሳፋው ፊት ስንቆም ግን ሁለቱን መለየት አለብን።

አሁን ወደ ነጠላው። ጥጥ ሴሉሎስ ከሚባል ረጅም ሰንሰለት የተሠራ ነው። በረኪና ሲበዛ ወይም ሲቆይ ሰንሰለቱን ይቆራርጠዋል። የነጠላ ድር ብዙ ጊዜ የፋብሪካ ክር ነው፣ የተገመደና ጠንከር ያለ። ማጉ ግን በእንዝርት የተፈተለ፣ ልል የሆነ ፈትል ነው። ነጠላውን የሚያለሰልሰውም ይኸው ማግ ነው፣ ቶሎ የሚሳሳውም እሱ ነው። በረኪና የለመደ ነጠላ መስኮት ላይ ዘርግታችሁ እዩት፦ ድሩ እንደ ወንፊት ቆሞ፣ ማጉ ቦታ ቦታው ላይ አልቆ ታያላችሁ። ጥበቡማ ይደበዝዛል፣ የሚያብለጨልጨውም ክር ይጠቁራል። ሱፍና ሐር ላይ ከሆነ ጭራሹን አታስጠጉት፤ ሁለቱም ፕሮቲን ስለሆኑ በረኪና ይበላቸዋል። ላስቲክ ያለበት ልብስም ቢጫ ይሆንባችኋል።

ታዲያ ነጭ ልብስ ለምን ይደበዝዛል? ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የውኃው ነው። ውኃው ካልሲየም የበዛበት ከሆነ ደረቅ ሳሙና ከካልሲየሙ ጋር ተያይዞ ግራጫ ዝቃጭ ይሆናል፣ ልብሱ ላይ ይቀመጣል። እንዲህ ባለ ውኃ ዱቄት ሳሙና፣ ማለትም ኦሞ፣ ከደረቁ ይሻላል። ዱቄቱም ቢሆን ሲበዛና በደንብ ካልተለቀለቀ ያው ነው፤ ልብሱ ውስጥ የቀረ ሳሙና አቧራ ይይዛል።

ከሁሉ የከፋው ብረት ያለበት ውኃ ነው፣ የጉድጓድ ውኃም ሆነ ከዛገ ቧንቧ የመጣ። በውኃው ውስጥ የሟሟው ብረት አይታይም። በረኪና ሲጨመርበት ግን ወደ ዝገትነት ይለወጥና ጨርቁ ላይ ያርፋል። ነጭ አንሶላ ዘፍዝፋችሁ ወርቅማ ቡናማ አንሶላ ታወጣላችሁ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው «በረኪናው አነሰ» ብሎ ይጨምራል፣ ዝገቱም ይጨምራል። መፍትሔው ተቃራኒው ነው፦ ልብሱን የበረኪና ሽታ እስኪጠፋ ድረስ ደጋግማችሁ አለቅልቁ፣ ዝገቱ ላይ ሎሚ ጨምቃችሁ ጨው ነስንሱበት፣ አንድ ሰዓት ያህል ፀሐይ ላይ አቆዩትና እጠቡት። ሽታው ሳይጠፋ ግን ሎሚ እንዳታስነኩት! አሲድና በረኪና ሲገናኙ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል፣ ሳንባ ያቃጥላል። የሽንት ቤት ማጽጃ አሲድም፣ ኮምጣጤም እንደዚያው ናቸው። ሽንት የጠጣ የሕፃን ጨርቅ ደግሞ ሳይለቀለቅ በረኪና ውስጥ ከገባ ከአሞኒያው ጋር ሌላ መርዘኛ ጋዝ ይፈጥራል። እባካችሁ ይህን ቤት ውስጥ ለምታጥበው ሠራተኛም ንገሯት፣ በተዘጋ መታጠቢያ ቤት የምትሠራው እሷ ናት።

አጠባው እንዲህ ነው። ለ10 ሊትር ውኃ 3 የሾርባ ማንኪያ ኦሞ ይበቃል። ውኃው እጅ የሚችለው፣ 40 ዲግሪ አካባቢ ይሁን። ዱቄቱን ልብሱ ሳይገባ በፊት በጥብጣችሁ አሟሙት። ደም ወይም ወተት ከነካው ግን አስቀድማችሁ በቀዝቃዛ ውኃ አውጡት፣ ሙቀት ፕሮቲኑን ጨርቁ ላይ ያበስለዋል። ነጩን ብቻውን ከ30 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ዘፍዝፉት። ነጠላ ከሆነ አትሹት፣ አትጠምዝዙት፤ በመዳፍ ጫን ጫን እያደረጋችሁ ውኃውን አሳልፉበት። የመጀመሪያው ማለቅለቂያ ለብ ያለ ይሁን፣ ቀዝቃዛው ሳሙናውን ቶሎ አይለቀውም። ውኃው ጠርቶ እስኪወጣ አለቅልቁ፣ ከሦስት ጊዜ አያንስም።

ከዚያ ፀሐይ። እርጥብ ነጭ ልብስ ፀሐይ ላይ ሲሰጣ ብርሃኑ ራሱ ያነጣዋል። ወንዝ ዳር አጥበው ሣር ላይ የሚያሰጡ እናቶች ይህን ያለ ኬሚስትሪ ያውቁት ነበር። ጥበቡ እንዳይደበዝዝ በነጠላው በሌላኛው ጫፍ ሸፍኑት፣ ሲደርቅም ወዲያው አንሡት።

ፀሐይ የወጥ ነጠብጣብም ታስለቅቃለች። የበርበሬ ቀለም ቅባት ውስጥ የሚሟሟ ነው፣ ስለዚህ መጀመሪያ በዕቃ ሳሙና ቂቤውን አስለቅቁ፣ የቀረውን ቀይ ፀሐይ ትወስደዋለች። እርድ ላይ ደግሞ አንድ ነገር አስተውሉ፦ ሳሙና ሲነካው ቢጫው ድንገት ቀይ ይሆናል። አትደንግጡ፣ እርድ ከሳሙናው አልካሊ ጋር ሲገናኝ ጠባዩ ነው፤ ሲለቀለቅ ወደ ቢጫ ይመለሳል፣ እሱንም ብርሃን ያጠፋዋል።

አውሮፓና አሜሪካ ላላችሁ፣ ወይም ሱፐርማርኬት ለምታገኙት፣ ከበረኪና የተሻለው ሶዲየም ፐርካርቦኔት የሚባለው ነጭ ዱቄት ነው። ውኃ ሲነካው ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድና ሶዳ ይሆናል። ለ10 ሊትር 3 የሾርባ ማንኪያ፣ ከ40 እስከ 60 ዲግሪ በሚሞቅ ውኃ፣ ከ1 እስከ 6 ሰዓት ያህል ዘፍዝፉት። ቡናና ሻይ ላይ ጎበዝ ነው። በቀዝቃዛ ውኃ ግን ሥራው በጣም ይዘገያል፣ ብዙ ሰው «አልሠራም» የሚለው ለዚህ ነው። ከተበጠበጠ በኋላ ጠርሙስ ውስጥ ከድናችሁ አታስቀምጡት፣ ጋዙ ጠርሙሱን ያፈነዳዋል። አውሮፓ ውስጥ የሚሸጠው የነጭ ልብስ ዱቄት ይኸው ነገር አለበት፣ ፈሳሹ ሳሙና ግን የለበትም። ነጭ አልነጣ ካላችሁ ከፈሳሹ ወደ ዱቄቱ ዙሩ። ሱፍና ሐር ላይ ይኸም አይሆንም።

የአገራችን ሸማ ደግሞ በረኪና ሳይመጣ በፊትም ነጭ ነበር። በእንዶድ ይታጠብ ነበር። ፍሬው ደርቆ ይፈጫል፣ ውኃ ውስጥ ሲመታ አረፋ ይሠራል፣ ቅባትን እንደ ሳሙና ያስለቅቃል። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ዓድዋ ላይ የቢልሃርዚያን በሽታ የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎች መሞታቸውን ያስተዋሉት ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ነው። ለዚህም ሥራ ከዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀብለዋል። ያ ልብስ ሲነጣ ክሎሪን አልነካውም። ዱቄቱ ግን ዓይንና አፍንጫ ስለሚያቃጥል፣ ቀንድ አውጣ የገደለው ዓሣንም ስለሚገድል ጅረት ውስጥ አትድፉት።

አሁን በረኪና የሚያስፈልግበት። ቤት ውስጥ ኮሌራ ወይም አተት (አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት) የያዘው ሰው ካለ፣ ትውከትና ተቅማጥ የነካው አንሶላ ያኔ በረኪና ይፈልጋል። ጓንት አድርጉ፣ መስኮት ክፈቱ። መጀመሪያ ቆሻሻውን አራግፋችሁ በሳሙና እጠቡ፤ ቆሻሻ ካለ ክሎሪኑ እሱ ላይ አልቆ ተሐዋስያኑ ጋ ሳይደርስ ይቀራል። ከዚያ 10 ሊትር ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ 100 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም ግማሽ ብርጭቆ ያህል፣ ባለ 5 በመቶ በረኪና ጨምሩ። አንሶላው ሙሉ በሙሉ ሰምጦ 30 ደቂቃ ይቆይ፣ ከዚያ አይብለጥ፤ ደጋግማችሁ አለቅልቁና አስጡት። በረኪናው ደግሞ አዲስ ይሁን። ብርሃን በሚያሳልፍ ጠርሙስ፣ ሱቅ በር ላይ ፀሐይ ሲመታው የከረመ በረኪና ሽታው ብቻ ቀርቶ ጥንካሬው ወርዷል፣ ለበሽታ አትመኑት።