ንግዱም ውሃውም ወደ አንድ አቅጣጫ ይወርዳል

በኮምቦልቻ ለተሰበሰቡ ነጋዴዎች፣ የፋብሪካ ኃላፊዎችና መምህራን የቀረበ ንግግር

ክቡራንና ክቡራት፣ የተከበራችሁ የሃይማኖት አባቶችና የአገር ሽማግሌዎች፣ ከደሴ፣ ከባቲ፣ ከሐይቅና ከከሚሴ የመጣችሁ ነጋዴዎች፣ የፋብሪካ ኃላፊዎች፣ መምህራንና ተማሪዎች፣ እንዲሁም ከባሕር ማዶ የመጣችሁ እንግዶቻችን፤ እንኳን በሰላም መጣችሁ።

እንድናገርበት የተሰጠኝ ጉዳይ አፍሪካ ከሁለቱ ጎረቤቶቿ፣ ከአውሮፓና ከእስያ ጋር፣ በንግድና በዘላቂ ልማት የምታደርገው ትብብር ነው። ስለዚህ ጉዳይ አብዛኛውን ጊዜ የሚመከረው በመሪዎች ጉባኤ ላይ ነው። የመጀመሪያው የአፍሪካና የአውሮፓ መሪዎች ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2000 በካይሮ ተካሄደ፤ በዚያው ዓመት የቻይናና የአፍሪካ የትብብር መድረክ በቤይጂንግ ተመሠረተ፤ ከዚያ ወዲህም ጉባኤዎቹ ቀጥለዋል። በነዚህ መድረኮች የሚወጡትን የአቋም መግለጫዎች አልነቅፍም። ይሁን እንጂ የተፈረመ ውል ፍሬ ማፍራቱ ወይም መክሸፉ የሚለየው ቆዳ በሚለፋበት፣ ልብስ በሚሰፋበትና ኮንቴይነር በሚታሸግበት ከተማ ስለሆነ፣ ጉዳዩን ከዚሁ ከምንኖርበት ቦታ ተነሥቼ ላየው ፈቃዳችሁ ይሁን።

አፍሪካን ከአውሮፓ የሚለየው የጅብራልታር ሰርጥ በጠባቡ ቦታ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከእስያ የሚለያት ባብ ኤል መንደብም ከ30 ኪሎ ሜትር ብዙ አይዘልም። የኛ አካባቢ ሰው ይህን ቅርበት በመጽሐፍ አይደለም የተማረው። ደሴ ውስጥ የየመን ነጋዴዎች ሱቅ ከፍተው ከአያቶቻችን ጋር ይገበያዩ ነበር። ኮምቦልቻም ከአዲስ አበባ ወደ መቀሌ የሚወጣው መንገድ በባቲ በኩል ወደ አሰብ ከሚወርደው መንገድ ጋር የሚገናኝበት መገንጠያ ላይ በመሆኗ ነው ከተማ ሆና ያደገችው። የባቲ የሰኞ ገበያ ደግሞ አፋሩን፣ ኦሮሞውንና አማራውን፣ የቆላውን ግመልና ጨው ከደጋው እህል ጋር ለረጅም ዘመን ሲያገናኝ ኖሯል። ያ ገበያ የዘለቀው የመጣው ሁሉ የሚበጀውን ይዞ ስለሚመለስ ነው፤ አንዱ ወገን ብቻ እያተረፈ ቢሆን ኖሮ ሌላው በሚቀጥለው ሰኞ ባልመጣ ነበር።

ዛሬ የጎረቤቶቻችን በር በቀረጥ በኩል የተዘጋ አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት ከመሣሪያ በቀር በዝቅተኛ የዕድገት ደረጃ ላይ ካሉ አገሮች የሚመጣ ማንኛውም ምርት ያለ ቀረጥና ያለ ኮታ እንዲገባ የፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው። እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ ደግሞ ጨርቁ ከሌላ አገር የመጣ ቢሆንም እዚህ ተቆርጦ የተሰፋ ልብስ የዚሁ መብት ተጠቃሚ ሆኗል። ቻይናም ከታኅሣሥ 1 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከኛ መሰል አገሮች በሚገቡ ምርቶች ሁሉ ላይ ቀረጥ አንሥታለች። እንግዲህ ቀረጥ ካልከለከለን የሚከለክለን ምንድን ነው? እኔ እንደማየው ከበጉ ጀርባ እስከ ጅቡቲ ወደብ ባለው መንገድ ላይ የተደረደሩ፣ በጉባኤ መግለጫ ስማቸው የማይጠራ ነገሮች ናቸው።

ከሌጦ ልጀምር። የባቲ ፍየል ሌጦ በዓለም የቆዳ ገበያ በባቲ ስም የሚታወቅ፣ በተለይ ለከፋይ ጫማና ለልብስ የሚፈለግ ምርት ነው፤ ከወሎ ወጥቶ በስሙ የሚጠራ ዕቃ ይህን ያህል የለንም። ነገር ግን በዐረፋና በፋሲካ ማግስት በየሰፈራችን ብትዞሩ በየደጃፉና በየቱቦው የተጣለ ሌጦ ታያላችሁ። ቤት ውስጥ የታረደ በግ ወይም ፍየል ሌጦው በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ጨው ካልተነሰነሰበት መበስበስ ይጀምራል፤ ሰብሳቢው ደግሞ ዋጋው ወድቆበት አይመጣም። ጨው አግኝቶ ፋብሪካ የደረሰውም ቢሆን ሲታጠብና ሲላጭ የቢላ ቁስልና እከክ ይወጣበታል። እከክ በጎችና ፍየሎች ላይ በሚራቡ ቅማልና መሰል ተባዮች የሚመጣ ነው፤ መድኃኒቱም የታወቀ ነው፤ እንስሳቱን በወቅቱ መንከር ወይም መርጨት ብቻ ነው። ገዢው ናሙናውን ብርሃን ላይ ዘርግቶ ነጠብጣቡን ሲያይ ደረጃውን ዝቅ ያደርጋል፤ አንደኛ ደረጃ ሊሆን ይችል የነበረው ሌጦ አምስተኛ ይሆናል። ይህን ኪሳራ ያመጣብን የትኛውም አህጉር አይደለም፤ የወረዳ የእንስሳት ጤና ሠራተኛ መርጫና መድኃኒት በእጁ አለመኖሩ ነው። ጎረቤቶቻችን ለዘላቂ ልማት ከሚያወጡት ገንዘብ ላይ ጥቂቱ እዚህ ቢውል አርብቶ አደሩም፣ ፋብሪካውም፣ የሚላኖው ጫማ ሠሪም ይጠቀማሉ፤ በኔ እምነት ከብዙ ታላላቅ ፕሮጀክቶች ይልቅ ቶሎ ዋጋውን የሚመልስ ሥራ ይኸው ነው።

ሁለተኛውና ከሁሉ በላይ የማስብበት ነገር ውሃው ነው። ቆዳ ሲለፋ ክሮም የሚባል ማዕድን ይገባበታል። በተለመደው አሠራር ቆዳው የሚመጠው ከገባው ክሮም ሁለት ሦስተኛውን ያህል ሲሆን የቀረው ከፍሳሹ ጋር ይወጣል። ከተማችን የቆዳ፣ የጨርቃ ጨርቅ፣ የቢራና የብረታ ብረት ፋብሪካ አላት፤ ፍሳሻቸው የሚደርሰው ለዮሌና ወርቃ ወደሚባሉት ወንዞቻችን ነው፤ ሁለቱም ወደ ቦርከና ይገባሉ። በነዚህ ወንዞች ላይ ተመራማሪዎች ናሙና እየወሰዱ ክሮምና ሌሎች ከባድ ብረቶችን ለክተው ጥናታቸውን አሳትመዋል፤ ስለዚህ የምናገረው የጭምጭምታ ወሬ አይደለም። በወንዙ ዳር ጎመንና ሰላጣ ይለማል፤ ያ ጎመን ለገበያ ይወጣል። ቦርከና ከዚህ ወርዶ ጨፋን ያጠጣል። ጨፋ በበጋ ወራት የአፋሩም የኦሮሞውም ከብት የሚሰማራበት ረግረግ ነው፤ ከዚያም ውሃው አዋሽን ተቀላቅሎ በረሃውን አቋርጦ ባሕር ሳይደርስ በጅቡቲ ድንበር አቤ ሐይቅ ውስጥ ያበቃል። ጭነታችንም በሚሌና በጋላፊ አድርጎ የሚሄደው ወደ ጅቡቲ ነው። ንግዱና ፍሳሹ ወደ አንድ አቅጣጫ ይወርዳሉ ማለት ነው፤ በንግዱ ተጠቃሚ የሆነው ሰው ግን ፍሳሹን ከሚጠጣው ሰው ጋር አንድ አይደለም።

ስለ ውሃው መናገሬ ከንግዱ ጉዳይ የወጣሁ እንዳይመስላችሁ። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2015 ጀምሮ ሰውነት የሚነካ የቆዳ ዕቃ በአንድ ኪሎ ግራም ውስጥ ከ3 ሚሊ ግራም በላይ ስድስት ቫለንስ ያለው ክሮም ከተገኘበት ለገበያ እንዳይቀርብ ከልክሏል፤ ይህ የክሮም ዓይነት በሰው ቆዳ ላይ አለርጂ ስለሚያስነሣ ነው፤ ካንሰር አምጪም ነው። ደንቡን አጥብቄ እደግፈዋለሁ፤ የበርሊን ሕፃን ጫማው እንዳይጎዳው መጠበቅ ተገቢ ነው። ነገር ግን የጨፋ እረኛም ከበርሊኑ ሕፃን ያነሰ ጥበቃ አይገባውም። ጫማው ድንበር ላይ ይመረመራል፤ ውሃው ግን ማንም ሳይመረምረው ያልፋል። የሁለት አህጉራት ትብብር ዘላቂ የሚሆነው ዕቃው ሲመረመር ዕቃው የወጣበት ወንዝም አብሮ ሲመረመር ነው፤ ለዚህም ክሮምን ከፍሳሹ ለይቶ መልሶ መጠቀም የሚያስችል ቴክኖሎጂ ለረጅም ጊዜ የታወቀ ነው። የሚያስፈልገው ለአንድ ፋብሪካ ብቻ ሳይሆን ለከተማዋ ፋብሪካዎች በጋራ የሚያገለግል ማጣሪያ፣ እሱን የሚያንቀሳቅስ የሠለጠነ ሰው፣ የማይቋረጥ መብራትና ፋብሪካው የማጣሪያውን ወጪ ችሎ ትርፋማ ሆኖ እንዲቀጥል የሚያስችለው ዋጋ ነው። የመጨረሻው የገዢዎቻችን ድርሻ ነው። ንጹሕ ቆዳ ጠይቆ በቆሻሻው ዋጋ መግዛት አይሆንም።

የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በየካቲት 2022 በብራስልስ ጉባኤ ለአፍሪካ 150 ቢሊዮን ዩሮ የሚደርስ ኢንቨስትመንት ለማንቀሳቀስ ቃል ገብቷል። ገንዘቡ ለኃይል፣ ለትራንስፖርትና ለዲጂታል መሠረተ ልማት ጭምር መሆኑ ተነግሯል፤ እነዚህ ሁሉ ያስፈልጉናል። ሆኖም ከከተማችን ወጣቶች አንዱ የምርቱን ናሙና ለማስመርመር ውጭ አገር ድረስ የሚልክ ከሆነ፣ ውጤቱም እስኪመጣ ትእዛዙ የሚሰረዝበት ከሆነ፣ ቃል የተገባው ቢሊዮን ለዚህ ሰው ምን እንደጠቀመው መጠየቅ አለብን። በወሎ ዩኒቨርሲቲ የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ያሉ ኬሚስቶቻችንና መሐንዲሶቻችን በገዢው ዘንድ እውቅና ያለው የቆዳ፣ የጨርቅና የውሃ መመርመሪያ ላቦራቶሪ ለማንቀሳቀስ ብቁ ናቸው ብዬ አምናለሁ። ጎረቤቶቻችን መሣሪያውንና የእውቅናውን ሂደት ይደግፉ፤ ሰዉን እኛ እናቀርባለን።

ስለ መንገዱም ጥቂት ልበል። ከአገራችን የወጪና ገቢ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ የሚያልፈው በጅቡቲ ነው። ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ አድርጎ እስከ ሐራ ገበያ እንዲደርስ የታቀደው 390 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም የባቡር መስመር አዋሽ ላይ ከጅቡቲው ሐዲድ ጋር ይገናኛል፤ ተቋራጩ የቱርክ ኩባንያ ነው፣ ብድሩ የተገኘውም ከቱርክ ኤግዚም ባንክና በክሬዲት ስዊስ አስተባባሪነት ከቀረቡ አበዳሪዎች ነው። የሁለት አህጉራት ገንዘብና ጉልበት በአፍሪካ ምድር የተገናኘበት ሥራ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የለውም። ግንባታው እ.ኤ.አ. በ2015 ተጀምሮ እስከ ኮምቦልቻ ያለው ሐዲድ ተዘረጋ፤ ነገር ግን ለኤሌክትሪክ ባቡሩ የሚያስፈልገው ኃይል በጊዜው ባለመቅረቡ መደበኛ አገልግሎት ሳይጀምር ቆየ፤ በ2014 ዓ.ም. በደረሰው ጦርነትም ጉዳት አገኘው። አበዳሪው ብድሩን ሲሰጥ፣ ተቋራጩ ሐዲዱን ሲዘረጋ፣ እኛም የኃይል መስመሩን ስንዘረጋ እያንዳንዳችን ሥራችንን ለብቻ ቆጠርነው። ባቡር የሚሄደው ግን ሦስቱ በአንድ ቀን ሲደርሱ ነው። ወደፊት የሚፈረም ውል የሥራውን መጠናቀቅ በተዘረጋ ኪሎ ሜትር ሳይሆን ጅቡቲ በደረሰ የመጀመሪያ ጭነት ይለካ እላለሁ። እስከዚያው ድረስ ነጋዴው በከባድ መኪና እየላከ፣ ኮንቴይነሩ ወደብ ላይ በቆየ ቁጥር ዲመሬጅ የሚባለውን የመዘግየት ክፍያ እየከፈለ ይቀጥላል።

ያው ጦርነት የኢንዱስትሪ ፓርካችንን ምን እንዳደረገው ለዚህ ጉባኤ መንገር አያስፈልግም፤ ማሽኑ ሲዘረፍና ሲሰባበር ያያችሁ እዚህ ተቀምጣችኋል። በዚያው ሰሞን አሜሪካ አጎዋ ከሚባለው ከቀረጥ ነፃ የገበያ ዕድል አገራችንን ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ አስወጣች፤ ስፌት ላይ የነበሩ ልጆቻችን ከጦርነቱ ሳያገግሙ ሥራቸውን አጡ። ያን ጊዜ ከጎናችን ያሉ ገበያዎች ምትክ ሊሆኑን ይችሉ ነበር፤ የአውሮፓው መብት በእጃችን ነበር። ነገር ግን የአውሮፓ ገዢ የሚጠይቀውን የጥራትና የአካባቢ ጥበቃ ማረጋገጫ ቀድመን ስላላዘጋጀን ወዲያውኑ መዞር አልቻልንም። ከቃሉና ከሐርቡ አካባቢ የሚወጣው ማሾ ግን በዚያም ጊዜ የእስያ ገዢ አላጣም፤ ገበሬው አንድ ደጅ ብቻ የሚጠና አልሆነምና።

አንድ ብልጫ ደግሞ አለን፤ በበቂ የማንናገርለት። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ከሞላ ጎደል ሁሉም ከውሃና ከነፋስ የሚመነጭ ነው። አውሮፓ አንዳንድ ዕቃዎች ሲመረቱ በሚወጣው ካርቦን ላይ የድንበር ክፍያ መጣል በጀመረበት በዚህ ዘመን በንጹሕ ኃይል የተፈተለ ክርና የተሰፋ ሸሚዝ ዋጋ ሊኖረው ይገባል። ይህን ብልጫ ወደ ዋጋ የሚለውጠው ግን ሰነድ ነው፤ ፋብሪካው በወር ምን ያህል ኃይል ከየት እንደተጠቀመ፣ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ምን ያህል ናፍጣ እንደፈጀ መዝግቦ ማቅረብ አለበት። የሒሳብ ሠራተኞቻችን ይህን ምዝገባ ከዛሬ ጀምሮ ቢይዙ አይከብዳቸውም።

እንግዶቻችን ነገ ወደየአገራችሁ ከመመለሳችሁ በፊት ከፋብሪካ ጉብኝታችሁ አስቀድማችሁ ወደ ለዮሌ ውረዱ፤ ውሃው ፋብሪካዎቹን ከማለፉ በፊትና ካለፈ በኋላ ያለውን ከኛ ጋር እዩ። የፋብሪካ ኃላፊዎችም አብራችሁ ውረዱ። ከዚያ መልስ ስለ ጋራ ማጣሪያውና ስለ ላቦራቶሪው ወጪ ማን ምን እንደሚሸፍን፣ ገዢውም በዋጋው ላይ ምን እንደሚጨምር ቁጭ ብለን በቁጥር እንነጋገር፤ የኢንስቲትዩቱ መምህራን የለኩትን የውሃ መረጃ ይዘው እንዲቀርቡም በዚሁ አጋጣሚ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ስላዳመጣችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ።