ሌሊት ለእንቅልፍ ነው፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

በአዳሪ ትምህርት ቤት ተማሪዎች በ«ሀውስ» ተከፍለው በስፖርት፣ በንጽሕናና በትምህርት ነጥብ ሲፎካከሩ ስለሚነሳው ጠብ የደወላችሁትን የተማሪዎች አማካሪያችን መልሰዋል።

ከፒያሳ፦ ልጄ ከጓደኛው ተለይቶ ሌላ ሀውስ ገባ። ይቀየርልኝ ልበል?

አይበሉ። ምሳ አብረው ይበላሉ።

ከኮምቦልቻ፦ ልጄ ለሀውሷ ነጥብ ስትል ዶርም ስትጠርግ ታመሻለች፤ ጥናቱ ቀረ።

አብሽሪ እህቴ። ሀውሷን መውደዷ ጥሩ ነው። ግን መብራት በስንት ሰዓት እንደሚጠፋ ፕሮክተሯን ጠይቂ። ሌሊት ለእንቅልፍ ነው።

ከሆጤ፦ የ9ኛ ክፍል ልጄ አርፍዶ ለሀውሱ ነጥብ አስቀነሰ። ትልልቆቹ ሌሊት «ሸንጎ» ጠርተው ውኃ አፍስሰውበት ደጅ አንበረከኩት። «ወንድ ነው፣ ይጠንክር» አልኩ። አጠፋሁ?

አዎ ጋሼ፣ አጥፍተዋል። ይኸንኑ ስሰማ ስንት ዘመኔ! ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። የጦሳ ተራራ ነፋስ እርጥብ ልብስ ሲያገኝ የሰውነት ሙቀት ቶሎ ይወርዳል። ልጁ መንቀጥቀጡን ሲተው «ለመደው» ይላሉ፤ የሚያስፈራው እሱ ነው! ምላሱ ከተሳሰረ ወይም ከፈዘዘ እርጥቡን አውልቃችሁ፣ በብርድ ልብስ ጠቅልላችሁ ሐኪም ቤት ሩጡ። አረቄ አትስጡት፤ እሳት ላይም እንደ ድስት አትጣዱት።

ትልልቆቹን ብቻ አልወቅስም። አንድ ልጅ ሲያረፍድ የ30 ልጅ ነጥብ የሚቀንስ መምህር አርጩሜውን ለእነሱ አቀብሏል። ያጠፋው አንድ ነው፣ የሚቀጣውም አንድ ይሁን። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1954 ሙዛፈር ሸሪፍ የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኦክላሆማ ውስጥ 22 ወንድ ልጆችን ለሁለት ከፍሎ ለሽልማት ቢያወዳድራቸው ባንዲራ እስከ መቃጠል ደረሱ። ያበረዳቸው ምክር አልነበረም፤ የተቋረጠ ውኃን የመሰለ የጋራ ችግር አብረው እንዲፈቱ መደረጉ ነው። (የተቋረጠ ውኃማ እኛ ዘንድ መች ይታጣል!)

ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት ሰጥቷቸዋል። ነገ ጠዋት ለዳይሬክተሩ በጽሑፍ ያመልክቱ። ሌሊት ለእንቅልፍ ነው!

ተማሪ፦ የሀውስ ካፒቴን ነኝ። ካልቀጣኋቸው በምን ላሸንፍ?

በሩጫ፣ የኔ ልጅ። አንተም ሌሊት ተኛ።

ከሰኞ ገበያ፦ የልጅ ልጄ ለእረፍት ከመጣች እህል አትቀምስም፤ የሀውሷ ስም ሲነሳ ታለቅሳለች።

እማማ፣ ይኼ በሬዲዮ አይመለስም። እየተቆጡ አይጠይቋት። ነገውኑ ሆስፒታል የአእምሮ ጤና ባለሙያ ዘንድ ይውሰዷት፤ ባለሙያው ብቻዋን ላናግራት ካለ ደግሞ ውጭ ይጠብቋት።