ሞተሩን ሳያስነሳ የጠበቀን ሰውዬ

እሺ… እየቀዳ ነው? እየቀዳ ነው። ሰላም ናችሁ ወገኖቼ።

"መኪና ገዛሽ ወይ?" ለምትሉኝ ሁሉ መጀመሪያ መልሱን ልስጣችሁና እንገላገል። አልገዛሁም። አዎ፣ እስካሁን። አሁንም በእግሬና በራይድ ነኝ። እህቴም አሁንም በደወለች ቁጥር "የመኪናሽ ቀለም ምን ሆነ?" እያለች ትስቃለች። ቀለሙን ከመኪናው በፊት የመረጥኩት እኔ ነኝ፣ ታውቃላችሁ፣ አናነሳውም።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ ሰውዬ ነው። መኪና ሻጭ ነው። ማለቴ ነጋዴ አይደለም፣ ደላላም አይደለም፣ የራሱን መኪና የሚሸጥ ሰው ነው። ጎሮ አካባቢ። ቶዮታ ቪትዝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ከጭንቅላቴ አልወጣ ብሎኛል። ለምን እንደሆነ በደንብ አላውቀውም። ሳወራው ይገባኝ ይሆናል። ላይገባኝም ይችላል፣ አትጠብቁ።

"ከመግዛትሽ በፊት የነዱትን ሰዎች ጠይቂ" ብላችሁኝ ነበር አይደል? ጠየቅኩ። ያገኘሁትን ባለመኪና ሁሉ ጠየቅኩ፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር። ያወቅኩት ነገር ቢኖር፣ ሰው የሚነዳውን መኪና አያማም። የሸጠውን ደግሞ አይምርም። አንድ ዘመዴ ስለ መኪናው "ድንጋይ ነው፣ ድንጋይ!" ሲል ነው የኖረው። በዓል በመጣ ቁጥር ይህን እንሰማለን። ሸጠው። በሳምንቱ አገኘሁትና "እንዴት ነው፣ አልናፈቀህም?" ብለው፣ "እግዜር ገላገለኝ፣ ጋራዥ ነበር እኮ የምኖረው" አለኝ። ያው መኪና! የትኛውን ልመን? ድንጋዩን ወይስ ጋራዡን?

ስለዚህ ወደ ራይድ ሹፌሮች ዞርኩ። ገና ቀበቶ ሳላስር ነው የምጠይቃቸው። እነሱ መኪናውን ለኩራት አይነዱትም። ቆመ ማለት የቀኑ እንጀራ ቆመ ማለት ነው። አንዱ ምን አለኝ? "እህቴ፣ የማይበላሽ መኪና ብለሽ አትፈልጊ፣ የለም። ጠዋት ተበላሽቶ ማታ ሥራ የሚገባ መኪና ፈልጊ።" ይህን ስሰማ ብዙ ነገር ገባኝ። እኛ አገር መኪና የሚታመነው ፋብሪካው ውስጥ ብቻ አይደለም። ሶማሌ ተራ ላይ ዕቃው አለ ወይ? ተክለሃይማኖት ሄደህ አሮጌውን ክፍል ስታሳይ "አለ" ይሉሃል ወይስ "ከዱባይ ይታዘዝልህ"? የሰፈር መካኒክ ዓይኑን ጨፍኖ ይፈታዋል ወይ? ቶዮታ ቶዮታ የሚባለው ግማሹ ምክንያት ይኸው ነው። ሰው ሁሉ ስለገዛው ዕቃው በየቦታው አለ፣ ዕቃው ስላለ ሰው ሁሉ ይገዛዋል። ሱዙኪ ዲዛየርም አሁን እዚያው መስመር ላይ ነው፣ ከተማውን እኮ ሞላው።

ቪትዝ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ያው ያሪስ ነው። ቪትዝ የጃፓን ገበያ ስሙ ነበር፣ በ2020 እ.ኤ.አ. እነሱም ትተውት ያሪስ አሉት። ጃፓን ደግሞ መሪ በቀኝ ነው። ስለዚህ እኛ ጋ ከሚነዳው ቪትዝ መሪው ከቀኝ ወደ ግራ የዞረ አለ። ማን አዞረው፣ እንዴት አዞረው፣ ገመዱን በምን ቀጠለው፣ እሱን የሚነግራችሁ ሊብሬ የለም። የዝናብ መጥረጊያውን እዩ። ለቀኝ ሹፌር ተብሎ የተሠራ ከሆነ የሚጠርገው አጠገባችሁ በተቀመጠው ሰው በኩል ነው። ይህን ያሳዩኝ ጋሽ ዲኤክስ ናቸው፣ ዕድሜያቸውን ጋራዥ ውስጥ የፈጁ ሰው። አዲስ አድማጮች፣ ይቅርታ፣ ጋሽ ዲኤክስን እዚህ ላስረዳ ብል ሌላ አንድ ሰዓት ይፈጃል። የድሮዎቹን ስሙ።

ኤሌክትሪክ ግዢ የምትሉኝ ደግሞ አላችሁ። አውቃለሁ። በ2016 መንግሥት የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ ጎዳናው ተለውጧል። ከዚያ በፊትም በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ ሕግ ያረጀ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ጭኖ ነበር። እና የኤሌክትሪክ ባለቤቶችን ጠየቅኩ። ወይ ጉድ! እነሱ እኮ ስለ መኪና አያወሩም፣ ይመሰክራሉ። አዲስ የዳነ ሰው በሉት። "የነዳጅ ሰልፍ ምን እንደሆነ ረሳሁ" ይሉሃል። ዘይት የለ፣ ካንዴላ የለ፣ ከእንጦጦ ስትወርድ ፍሬኑ ራሱ ባትሪውን ይሞላል። ደግሞ እውነታቸውን ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ አየሩ ሳሳ ያለ ነው። ትንሽ የቤንዚን ሞተር እዚህ ዳገት ላይ ያለከልካል። ኤሌክትሪኩ አየር አያስፈልገውም፣ እብስ ይላል።

ግን የምጠይቃቸው ሁሉ ከገዙ ዓመት፣ ቢበዛ ሁለት ዓመት። አብሮት ያረጀ ሰው የለማ! ስለ ድሮው ቶዮታ ዲኤክስ ጠይቂ ብትሉኝ ሠላሳ ዓመት የነዳው አባት አገኛለሁ። አንድ ነገሩ ግን ደስ ይለኛል። የባትሪውን ጤንነት በመሣሪያ ማንበብ ይቻላል። ሰካ ታደርጊና ከመቶ ስንት እንደቀረው ይነግርሻል። ባለቤቱ ቢዋሽ ባይዋሽ… ማለት… ሰውየውን ማመን አይጠበቅብሽም።

እ… አዎ። ሰውዬው።

ከጋሽ ዲኤክስ ጋር ነው የሄድነው። ከመሄዳችን በፊት ማታ ስደውልለት፣ "እህቴ፣ በጠዋት ኑ። ሞተሩን ሳላስነሳ እጠብቃችኋለሁ" አለኝ። እኔ ምንም አልመሰለኝም። ጋሽ ዲኤክስ ግን ሲሰሙ ቅንድባቸው ተነሳ። ለምን መሰላችሁ? ሻጭ የሚባል ሁሉ ሞተሩን አሙቆ ነው የሚጠብቀው። "ነዳጅ ልቀዳ ወጥቼ አሁን መግባቴ ነው" ይላል። የሞቀ ሞተር ብዙ ነገር ይደብቃል። ድምፁም ይለሰልሳል፣ ጭሱም ይጠፋል።

ደረስን። አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ብርዱ! ጋሽ ዲኤክስ ሰላምታ እንኳ ሳይጨርሱ መዳፋቸውን ኮፈኑ ላይ አሳረፉ። በረዶ። ጤዛው እንኳ አልደረቀም። ሰውዬው፣ ወጣት ነው፣ ሹራብ ደርቦ፣ እኛ ሳንጠይቀው ጀመረ። "ሲነሳ ትንሽ ሰማያዊ ጭስ ያወጣል፣ አሁን ታዩታላችሁ፣ ከዚያ ይጠፋል። ዘይት ይቀንሳል፣ እያየሁ እጨምራለሁ። የግራው የኋላ በር ተገጭቶ ስቱኮ አለበት። ሌላው ሰላም ነው።" ልክ እንደ ትምህርት ቤት ስም ጥሪ። ከዚያ ከዳሽቦርዱ ኪስ ደብተር አወጣ። የልጅ ደብተር፣ ባለመስመር፣ ሽፋኑ ላይ የማባዣ ሰንጠረዥ ያለበት። ውስጡ ዘይት የተቀየረበት ቀን፣ ኪሎ ሜትሩ፣ ካንዴላ፣ የፍሬን ሸራ። ዘይት የጨመረበት ለብቻው በቀይ እስክሪብቶ። "ግማሽ ሊትር።" ዝቅ ብሎ "ግማሽ ሊትር።" አንዱ ገጽ ላይ የአውራ ጣት አሻራ በጥቁር ዘይት ታትሟል። እኔ በሕይወቴ የምግብ ወጪዬን እንደዚያ ጽፌ አላውቅም።

አስነሳው። ቡፍ አለ። ሰማያዊ፣ እንዳለው። ጋሽ ዲኤክስ ከኋላ ማርሚታው ጋ ቁጢጥ ብለው አሸተቱ። ጠበቁ። ጠፋ። "እስኪ ርገጠው" አሉት፣ ረገጠ። ምንም የለም። አሁንም ረገጠ፣ ንጹሕ።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ ጋሽ ዲኤክስ ስንመለስ ነው ያስረዱኝ። ሲነሳ ብቻ ጭሶ የሚጠፋ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የባልቦላው ጎማ ነው። ሲያረጅ ሌሊት ሌሊት ዘይት ወደ ሲሊንደር ያንጠባጥባል፣ ጠዋት ያ ይቃጠላል። ሲረገጥ የሚያጨስ ከሆነ ግን የፒስተኑ ፋሻ አልቋል፣ ሞተር ሊወርድ ነው፣ ያኔ ሩጪ። ስለዚህ የዚህኛው የሚሠራ ነገር ነው፣ ሞተር አያስወርድም። እሳቸው ይህን እዚያው ቆመው ያውቁታል። እያወቁ ነው እንግዲህ ክንዴን ይዘው ወደ በሩ የወሰዱኝ። ጆሮዬ ሥር ጠጋ ብለው፣

"አንቺ ልጅ፣ ይሄ ሰው የሚነግርሽ ይሄን ከሆነ፣ የማይነግርሽ ምን ይሆን?"

ሳቅኩ። ጥሩ አባባል ነዋ! በእውነት ያስቃል። ከዚያ ዞሬ "እንመካከርና እንደውልልሃለን" አልኩት። ሰውዬው ደብተሩን በፌስታል ጠቅልሎ ወደ ቦታው እየመለሰ "ችግር የለም፣ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚሉት" አለ። አልተቆጣም። ፊቱ ላይ ምንም አልነበረም። ሁሉም እንደዚያ ነው የሚሉት።

ሁሉም ማለት እነማን ናቸው? ስንት ሰው ነው ደብተሩን አገላብጦ የሄደው?

ምን እንደሚያበሳጨኝ ልንገራችሁ። ከዚያ በፊት አንድ ኮሮላ አይተን ነበር። ደላላው "የሴት መኪና ናት፣ ከቤት ቤተ ክርስቲያን ብቻ ነው የተነዳችው" አለን። ሞተሩ ሙቅ። ኪሎ ሜትሩ ትንሽ፣ የፍሬን ፔዳሉ ላይ ያለው ጎማ ግን ተበልቶ ልሙጥ ሆኗል። ምን ዓይነት ቤተ ክርስቲያን ነው፣ ግሸን ማርያም ነው እንዴ በየቀኑ የምትሄደው? የሴት መኪና ማለት ምን ማለት እንደሆነ ደግሞ የኔን እህት አነዳድ ያየ ይመስክር። ግን እኮ እዚያ ሰዓት ሙሉ ቆምን! ዋጋ ተከራከርን! ጋሽ ዲኤክስም "ጥሩ ናት" ብለው ነበር። የተውነው በገንዘቡ ስላልተስማማን እንጂ ስለተጠራጠርን አይደለም። ምንም ያልነገረንን አመንን። ሁሉን የነገረንን ተጠራጠርን።

ይህን ስል ደግሞ… ቆይ፣ ጋሽ ዲኤክስ ተሳስተዋል ማለቴ አይደለም። እኔስ? ልጅ ሆኜ ስኒ ሰበርኩ ብዬ ራሴ ሄጄ ለእማዬ እነግር ነበር፣ ጀበናው እንዳይቆጠር። ትንሹን አስቀድሞ መናዘዝ ያረጀ ዘዴ ነው። እሳቸው ጋራዥ ውስጥ ዕድሜያቸውን ሲፈጁ ስንቱን አይተዋል። ዋጋውም ነገር አለው። ያን ሁሉ ችግር ነግሮን የጠራው ዋጋ ያው ሰላም የሆነ ቪትዝ የሚጠራበት ነው። አልቀነሰም። "ችግሩን ከነገርከን ቀንስልን እንጂ" ብለን ተማረናል ስንመለስ። ግን ለምን ይቀንሳል? ሌላው ሰው ያው ችግር ኖሮበት ደብቆ በሙሉ ዋጋ እየሸጠ፣ ይህ ሰውዬ እውነት ስለተናገረ ይቀጣ? እንደዚያ ከሆነ ማን ይነግረኛል? እኔ እኮ ነኝ ከመጀመሪያው "እባካችሁ እውነቱን ንገሩኝ" እያልኩ አገር ምድሩን የጠየቅኩት።

አላውቅም። ምናልባት እውነት መስማት አልፈለግኩ ይሆናል፣ "ድንጋይ ነው" እንዲሉኝ ብቻ… ኧረ አይደለም፣ ይሄም ተጋነነ። ሚሊዮን ብር እኮ ነው። የባንክ ብድር ነው። ሰው በሚሊዮን ብር ሲጠራጠር ይፈረድበታል?

ልደውልለት አስቤ ነበር። ስልኩ አለኝ። ደውዬ ምን እላለሁ? "አልገዛህም፣ ግን አምንሃለሁ"? ይስቅብኛል። "ልግዛህ" ካልኩት ደግሞ ለመኪናው ነው ወይስ ለደብተሩ? በደብተር አይኬድ።

ትናንት ጋሽ ዲኤክስ አጥር ላይ ተደግፈው፣ የሌላ ነገር እያወራን፣ የቦሎ ወረፋ ምናምን፣ በመሀል "ያ ሰውዬ ግን ሸጠው ይሆን?" አሉኝ። እኔ ደነገጥኩ። "የቱ ሰውዬ?" አልኩ፣ እያወቅኩ። "ያ የጎሮው" አሉ። ከዚያ ዝም። እኔም ዝም። እሳቸውም እንደኔ እያሰቡት ነው እንዴ? ወይስ ዝም ብለው… ልጠይቃቸው ብዬ ነበር፣ ግን ወዲያው ቅዳሜ ጀሞ ስለምናየው ያሪስ ጀመሩ። "በጠዋት እንሂድ፣ ሳያስነሱት" አሉኝ። ለዚያኛው ሻጭ ሳያስነሳ እንዲጠብቀን ልንገረው ወይስ ዝም ልበል? ከነገርኩትና ካልሰማኝ፣ ያ ራሱ አንድ ነገር ይነግረናል። ካልነገርኩት ደግሞ…

ቆይ፣ እህቴ እየደወለች ነው። ካላነሳሁ ትደጋግማለች፣ እሷ አትተውም። ቀለሙን ልትጠይቀኝ ነው… ሃሎ? አቤት… አይ፣ እየቀዳሁ ነበር… አልገዛሁም አልኩሽ እኮ…