«አንቺስ፣ ልጄ?»

ሰላም ለሁላችሁ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። የማወራችሁ አንዲት እናት ስለጠየቁኝ ጥያቄ ነው። አጭር ጥያቄ ናት፤ እስካሁን ግን ከልቤ አልወጣችም።

እናቴ ጤነኛ ሳለች እሑድ ቅዳሴ ቀርታ አታውቅም። እግሯ እምቢ ሲላት ግን አልጋ ላይ ዋለች። ከካቶሊክ ቁምስናችን፣ ማለትም ከአጥቢያ ቤተ ክርስቲያናችን፣ በየሳምንቱ ሰው ቅዱስ ቁርባን ይዞላት ይመጣ ጀመር። መጀመሪያ ይመጡ የነበሩት ሰው ጥድፊያ ነበረባቸው። ይገባሉ፣ ጸሎቱን ቶሎ ቶሎ ይሉታል፣ ያቆርቧታል፣ ይሄዳሉ። አንድ ቀን በሩ ከተዘጋ በኋላ እናቴ «ዛሬ ወንጌሉ ምን ነበር?» አለችኝ። እኔ ምኑን አውቄ! እኔም እኮ ቅዳሴ ካስቀደስኩ ወራት አልፎኛል። እሷን ለማን ትቼ ልውጣ?

ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ሰው ሁሉ «እናትሽ እንዴት ናት?» ይለኛል፣ «ደህና ናት» እላለሁ፣ ያበቃል። በውስጤ ግን በየእሑዱ ኃጢአት የምቆጥር ይመስለኝ ነበር። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ ቁጥር 2181 ላይ የእሑድ ቅዳሴ ግዴታ በከባድ ምክንያት እንደሚቀር ተጽፏል፤ ምሳሌ አድርጎ የሚጠቅሰውም በሽታንና ሕፃናትን መንከባከብን ነው። ያኔ ይህን የነገረኝ አልነበረም።

ከዚያ ሌላ ሰው ተመደበልን፤ በዕድሜ የገፉ እናት። ምእመናን ቅዱስ ቁርባንን ለሕሙማን ማድረስ እንዲችሉ በሰፊው የተፈቀደው በርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 6ኛ ፈቃድ እ.ኤ.አ. በ1973 በወጣው መመሪያ ነው። ያ ፈቃድ ባይኖር ኖሮ እኚህ እናት ቤታችን ባልገቡ ነበር ብዬ ሳስብ እደነግጣለሁ።

ሲገቡ መጀመሪያ «ሰላም ለዚህ ቤት ይሁን» አሉ። ነጭ ጨርቅ አነጠፉ፣ ሻማ አበሩ፣ የዕለቱን ወንጌል ቀስ ብለው አነበቡ። አባ ምን እንደሰበኩ ነገሯት። ሊጋቡ ነው የተባሉ ልጆችን ስም ጠርተው «ይጸልዩላቸው፣ አደራ» አሏት። የእናቴን ፊት ብታዩት! ስንት ዓመት ሲሠራለት የኖረ ሰው ሥራ ሲሰጠው እንዲህ ነው የሚሆነው ለካ።

ካቆረቧት በኋላ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺስ፣ ልጄ?»

ከእናቴ ሳህን የተረፈውን አሁን በቁሜ ጎርሻለሁ። «በልቻለሁ» አልኳቸው። «ላንቺም ተፈቅዷል» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ከመቁረብ በፊት የአንድ ሰዓት ጾም አለ፤ እ.ኤ.አ. የ1983ቱ ሕገ ቀኖና ግን በቁጥር 919 አረጋውያንንና ሕሙማንን ሲያወጣ፣ የሚያስታምሟቸውንም አብሮ ያወጣል። ሕግ ውስጥ እኔ አለሁ! እንደኔ ቆሞ የሚበላ ሰው መኖሩን ያሰበ ሰው ነበረ ማለት ነው።

መብሉ ግን ሰበብ ነበር። ንስሐ ከገባሁ ብዙ ጊዜ ሆኖኝ ነበር፣ አፍሬ አልተናገርኩም። እሳቸው ገባቸው መሰለኝ፣ በዚያው ሳምንት አባ መጡ። እናቴ ዘይቱን ስታይ ደነገጠች፣ «ሞቴ ደረሰ እንዴ?» አለች። አባ አጠገቧ ቁጭ አሉና ምሥጢረ ቀንዲል፣ ማለትም በሽተኛን በተባረከ ዘይት መቀባት፣ በጠና ለታመመ ሁሉ እንደሆነ፣ ሕመሙ ከባሰም እንደሚደገም አስረዷት። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤም እ.ኤ.አ. በ1963 «የመጨረሻ ቅባት» ከማለት ይልቅ «የሕሙማን ቅባት» ማለት ይሻላል ያለው ለዚህ ነው። ተቀባች፣ እንቅልፍ ወሰዳት። እኔ ደግሞ ወጥ ቤት ውስጥ ተናዘዝኩ። በሚቀጥለው እሑድ እናትና ልጅ አብረን ቆረብን።

ቅዱስ ዮስጢኖስ ሰማዕት እ.ኤ.አ. በ155 አካባቢ ስለ እሑድ ጉባኤ ሲጽፍ፣ ዲያቆናቱ ከቁርባኑ በቦታው ላልተገኙት እንደሚወስዱ ይናገራል። ለታመሙት ብቻ አላለም፣ ላልተገኙት ነው ያለው። ይቺን ቃል ባነበብኩ ቁጥር እኔም ከነዚያ እንደነበርኩ ትዝ ይለኛል።

እናቴ አርፋለች። በመጨረሻ ሳምንታቷ ደረቅ ነገር መዋጥ ሲያቅታት አባ ከክቡር ደሙ ጥቂት ጠብታ ሰጧት፤ ይህም ተፈቅዷል፣ እንደማይቻል የሚመስላችሁ ካላችሁ ጠይቁ።

አሁን ይህን እያዳመጣችሁ፣ በጎን ደግሞ የሰው ትንፋሽ የምትጠብቁ ካላችሁ፣ ነገ ለቁምስናችሁ ደውሉ። «በሽተኛ አለ» ብቻ አትበሉ። ሁለት ሰው አለ በሉ።