ችግኜ ታኅሣሥ ላይ ለምን ይሞታል? የአድማጮች ጥያቄና መልስ

በዚህ ሳምንት ስልካችን ክፍት የነበረው ስለ ተፈጥሮ እንክብካቤ ነው። ከሰሜን ሸዋ የደወሉ አድማጮችን ጥያቄ የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያ እንግዳችን መልሰዋል።

አንዲት እናት፣ ከደብረ ብርሃን፦ በየክረምቱ ችግኝ እተክላለሁ። መስከረም ላይ ለምለም ነው፤ ታኅሣሥ ሲገባ ይጠቁርብኛል። ዘንድሮ አቮካዶና ጥድ ነበር የተከልኩት። ምን ይሻለኛል?

እናቴ፣ ገዳዩ ውርጭ ነው። ደብረ ብርሃን ያለችው ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር፣ ሰማዩ ጥርት ባለበት ሌሊት፣ መሬቱ ቀን የያዘውን ሙቀት ይለቃል። ቀዝቃዛ አየር ደግሞ ከባድ ስለሆነ ወደ ረባዳው ይወርዳል። ስለዚህ ከግቢዎ ዝቅ ያለውን ትተው ከፍ ያለውን ይምረጡ።

አቮካዶውን ቆላ ላይ ላሉት ለሸዋ ሮቢት ሰዎች ይተዉላቸው። ፍሬ ካማረዎት ፖም ደጋ ይወዳል። በጥዱ ግን ተስፋ አይቁረጡ። የሐበሻ ጥድ፣ ወይራና ኮሶ የደጋ ዛፎች ናቸው፤ ብርዱ የሚጎዳቸው ገና ጨቅላ ሳሉ ነው።

ዝናቡ እንደያዘ፣ ሰኔ መጨረሻ ወይም ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ይትከሉ። ነሐሴ መጨረሻ የተተከለ ችግኝ በቅጡ ሥር ሳይሰድ ብርዱ ይደርስበታል። ፕላስቲኩን ማውለቅ ደግሞ አይርሱ። ይህን ስናገር የሚስቁብኝ አሉ፤ ከነፕላስቲኩ የተቀበረ ችግኝ ግን ስንቱን አይቻለሁ! ኅዳር ሲገባ በዙሪያው አራት እንጨት ይትከሉና ከላይ ሣር ወይም ገለባ ይክደኑበት። ማታ ይሸፈን፣ ረፋዱ ላይ ፀሐይ ሞቅ ሲል ይገለጥ። ውሃ የሚያጠጡት ቀን በፀሐይ ይሁን፤ እርጥብ አፈር ሙቀት ይይዛል። ፍየልና ዶሮም እንዳይደርሱበት።

የተከላ ዕለት ሁላችንም ፎቶ እንነሳለን። ታኅሣሥ ላይ ችግኙን ዞር ብሎ የሚያየው ስንቱ ነው? ሦስት ተክለው ሦስቱንም ቢያሳድጉ፣ ሠላሳ ተክሎ ከሚረሳው ይበልጣሉ።

አንድ አርሶ አደር፣ ከመሐል ሜዳ፦ በእኛ በመንዝ፣ ጓሳ የሣር ምድር ላይ ያለው ቀይ ቀበሮ በጎቻችንን ይፈጃል ይባላል። ለምንድነው እንድንጠብቀው የምትመክሩን?

አባቴ፣ ከቀይ ቀበሮ ይልቅ ተኩላንና ጅብን ይጠርጥሩ። ቀይ ቀበሮም አልፎ አልፎ ጠቦት ሊነጥቅ ይችላል፤ አልክድም። ዋና ምግቡ ግን አይጥና ፍልፈል ነው፤ ቀን ቀን ብቻውን ሲያድን ያዩታል። ከኢትዮጵያ ውጭ የትም አይገኝም። በመላ አገሪቱም የቀረው ጥቂት መቶ ብቻ ነው።

እሱን የሚጨርሰው ከእኛው ቤት የሚወጣ በሽታ ነው፦ ከውሻ የሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታ። ስለዚህ ውሻዎን ያስከትቡ፤ ያለ ጠባቂም ወደ ጓሳ አይልቀቁት። ክትባቱ ልጆችዎንም ያድናል።

ለነገሩ፣ ጥበቃን ለመንዝ ሰው ማስተማር ይከብደኛል። አባቶቻችሁ ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ጓሳን “ቄሮ” በሚባል የጋራ ጥበቃ ሥርዓት ሲጠብቁ ኖረዋል። ለዓመታት ይዘጋል፤ ሣሩ ሲደርስ ተከፍቶ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለገሳ ይታጨዳል። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ያ ሥርዓት ፈርሶ ሣሩም ተጎድቶ ነበር። ዛሬ ማኅበረሰቡ በራሱ ደንብ መልሶታል። እኔ ብጠየቅ፣ ከብዙ ዘመቻ ይልቅ እንዲህ ዓይነቱን “ለጊዜው አትንኩት” እመርጣለሁ።

አንድ ወጣት፣ ከደብረ ሲና፦ ጣርማ በር ላይ ጭላዳዎች መንገድ ዳር ይቀመጣሉ። ዳቦ ብንወረውርላቸው ምን ችግር አለው?

አለው፣ ወንድሜ። ጭላዳ የሚኖረው በዋናነት ሣር ግጦ ነው። ዳቦ የለመደ መንጋ መኪና ይጠብቃል፣ ይገጫል፣ ሰውም ይዳፈራል። የሰው እህል ከቀመሰ ደግሞ ቀጥሎ የሚሄደው ወደ ገበሬው የገብስ ማሳ ነው፤ ያኔ ድንጋዩን የሚቀምሰው ጭላዳው ነው። ራቅ ብላችሁ ተቀመጡ፣ እዩ። እርስ በርስ ሲቃመሉ፣ ወንዱ ከንፈሩን ገልብጦ ሲያስፈራራ፣ ከዚህ የበለጠ ምን ትርዒት አለ?

አንድ አባት፣ ከአንኮበር፦ ልጆቼ ከስልክ አይነሱም። ተፈጥሮን እንዴት ላስወድዳቸው?

ስልኩን አይቀሟቸው፤ ሥራ ይስጡት። በግቢያችሁ የሚያርፈውን ወፍ ፎቶ ያንሱ፣ በየወሩ ምን እንደመጣና ምን እንደሄደ ይጻፉ። የእናንተ አገር ደግሞ ለዚህ የታደለ ነው። በገደሉ አፋፍ የምትኖር አንዲት ትንሽ ቡናማ ወፍ አለች፤ ሳይንስ በአንኮበር ስም የመዘገባት በ1979 እ.ኤ.አ. ነው። ልጆቹ “የእኛ ሰፈር ወፍ” ብለው ሊፈልጓት ይችላሉ። አንድ ቅዳሜ ደግሞ ወደ ወፍ ዋሻ ደን ይዘዋቸው ይሂዱ። ዝግባና ጥድ ሥር ብዙ አያስተምሯቸው። ዝም ብለው ይዙሩ።

አንዲት እህት፣ ከእነዋሪ፦ ምንጫችን እየደረቀ ነው። ዙሪያው ባሕር ዛፍ ነው። እንቁረጠው?

ከምንጩ ራስጌና ዙሪያ ያለውን፣ አዎ። ብዙ ውሃ ይስባል። ባሕር ዛፍን መሳደብ ግን አልወድም፤ እሱ ባይኖር ለማገዶና ለቤት የምንቆርጠው የወፍ ዋሻን ጥድ ነበር። ቦታው ሌላ ይሁን ነው የምለው። ከቆረጣችሁ በኋላ ጉቶውንም ንቀሉት፣ አለዚያ ያቆጠቁጣል። ከዚያ ራስጌውን አጥራችሁ ከብት ከልክሉ፤ ሣሩ ራሱ ተመልሶ ይመጣል። እንስሳቱን ደግሞ ከምንጩ ዝቅ ብሎ በገንዳ አጠጧቸው።