እሾህ የሌለው አጋም

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ እኅቶችና ወንድሞች፣ እንደምን አመሻችሁ!

ቡናው ሳይቀዘቅዝ እንድጨርስ ሰብሳቢያችን አስጠንቅቀውኛል። በረዶው ገና ከመስኮቱ ሥር እንደተከመረ ስለ ፍራፍሬ ማውራት ቀልድ ሊመስል ይችላል። ግን እዚህ ዊኒፔግ ግንቦት ሲመጣ ሁላችንም አካፋ ይዘን ስለምንሮጥ፣ ጆሮ የሚገኘው አሁን ነው። ሁለት ነገር አስቀድሜ ልናገር። የምጠራቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ክረምት ስል ደግሞ የሐምሌን ዝናብ አታስቡ፤ የጥርን ብርድ ማለቴ ነው።

ከራሴ ጥፋት ልጀምር። እዚህ ከተማ በመጣሁ በሁለተኛው ዓመት ከአንድ መደብር የቼሪ ዛፍ ገዛሁ። የተለጠፈበት ወረቀት ላይ ያለው ፍሬ ቀይ፣ የሚያብረቀርቅ፣ እጅ ሰድደህ ብላ ብላ የሚል ነበር። ሻጩን «ይህ ነገር ክረምቱን ይችላል?» አልኩት። «ይችላል» አለኝ። ግንቦት ላይ በጥፍሬ ቅርፊቱን ፋቅ ሳደርገው፣ አረንጓዴ መሆን የነበረበት እንደ ክብሪት እንጨት ደርቆ ቡናማ ሆኗል። እስከ ሥሩ ፋቅሁ፤ ያው ነው። አጥር የሚያዋስነን ጎረቤቴ፣ እዚሁ ተወልደው ያረጁ ሰው፣ ስፍቅ አይተውኝ ኖሮ ነሐሴ ላይ አንድ እፍኝ ጥቁር ፍሬ በአጥሩ በላይ አቀበሉኝ። የተለቀመው ወገቤ ድረስ እንኳን ከማይደርስ ቁጥቋጦ ነው።

ያን ሰሞን እናቴ ከጎጃም ልትጠይቀን መጥታ ነበር። አንዷን ፍሬ አፏ ውስጥ አድርጋ ትንሽ ዝም አለችና «ይሄማ አጋም ነው፤ እሾሁ የት ሄደ?» አለች። እውነቷን ነው። መልኩ ጥቁር ሐምራዊ ነው፤ መጀመሪያ ይጣፍጥና ኋላ ምላስን ይዞ ያስቀራል። በዘር ግን ከአጋም ጋር አይገናኙም። ይህኛው የፕለምና የኮክ ዘመድ ነው። እዚህ አገር የአሸዋ ቼሪ ይሉታል።

የትውልድ ቦታው ይኸው የምንኖርበት ሰፊ ሜዳ ነው፤ ከማኒቶባ ጀምሮ በሰሜንና በደቡብ ዳኮታ ግዛቶች በኩል እስከ ኔብራስካና ከዚያም በታች ይወርዳል። አሸዋማ ኮረብታ ላይ፣ ነፋስ በሚገርፈው፣ ሌላ ዛፍ በማይበቅልበት ቦታ ጎኑን መሬት ላይ ጣል አድርጎ ይኖራል። ብርዱ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ሲደርስ እንኳን አይሞትም። በ1894 ሊበርቲ ሃይድ ቤይሊ የተባለው የእጽዋት ሊቅ ለኔብራስካው ፕሮፌሰር ለቻርልስ ቤሲ ክብር ሲል «ቤሲዪ» የሚል የሳይንስ ስም ሰጠው። ስም ከመውጣቱ በፊት ግን የሚያውቁት ነበሩ። የዚህ ሜዳ ነባር ነዋሪ የሆነው የዳኮታ ሕዝብ ወቅቱ ሲደርስ እሸቱን ይበሉታል፣ ለክረምት ደግሞ አድርቀው ያስቀምጡታል። ቴተን የሚባሉት ዳኮታዎች ሲለቅሙ ፊታቸውን ወደ ነፋሱ አዙረው ነው የሚሄዱት። ነፋሱን ተከትሎ የለቀመ ሰው ፍሬው ይመርበታል ይላሉ። እኔ ሁለቱንም መንገድ ሞክሬአለሁ። ልዩነት አላገኘሁም፤ ግን አሁንም ወደ ነፋሱ ዞሬ ነው የምለቅመው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ሰፋሪዎች ወደዚህ ሜዳ ሲመጡ፣ ከምሥራቅ የለመዱትን የፖም፣ የፕለምና የቼሪ ችግኝ በባቡር አስጭነው አመጡ። ችግኙ በጋውን ለምለም ሆኖ ይከርማል፤ ክረምቱ ሲያልፍ እንደ እኔው ዛፍ ይደርቃል። የሚገድለው ብርዱ ብቻ አይደለም። በረዶ ሳይሸፍነው መሬቱ ሲቀዘቅዝ ሥሩ ይሞታል፤ ደረቁ ነፋስ ከቅርንጫፉ ላይ እርጥበቱን ይመጠዋል። በየካቲት 1899 የመጣው የብርድ ማዕበል በመላው የአሜሪካ ሜዳ ላይ ብዙ የፍራፍሬ ማሳ አውድሟል።

በዚያ ጊዜ ብዙ ሰው የሚያምንበት አንድ ሐሳብ ነበር፦ ተክል ቀስ በቀስ ይለምዳል የሚል። ዘሩን በየዓመቱ ትንሽ ወደ ሰሜን ብትወስደው፣ ብርዱን እየተማረ ይሄዳል ነው ነገሩ። ሲሰሙት ደስ ይላል፤ ልጅ እንደማሳደግ ነው። ይህን ሐሳብ አፍ አውጥቶ የተቃወመው ሰው ኒልስ ሃንሰን ይባላል፤ የዛሬው ወሬዬ በአብዛኛው ስለ እርሱ ነው።

ሃንሰን በ1866 ዴንማርክ ተወለደ፤ በሰባት ዓመቱ ከቤተሰቡ ጋር ወደ አሜሪካ መጣ። አዮዋ ውስጥ የተማረው ጆሴፍ በድ ከሚባል መምህር ሥር ነው። በድ በ1882 ሩሲያ ድረስ ሄዶ ብርድ የሚችሉ የፖም ዝርያዎችን ያመጣ ሰው ነው። ተማሪውም የመምህሩን እግር ተከተለ። በ1895 በደቡብ ዳኮታ፣ ብሩኪንግስ በምትባል ከተማ ባለው የእርሻ ኮሌጅ ተቀጠረ። ብሩኪንግስ ከዚህ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ በስተደቡብ ናት፤ ብርዷ ግን የኛው ዘመድ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ የአሜሪካ የእርሻ ሚኒስቴር ወደ ሩሲያ፣ ቱርክስታንና ሳይቤሪያ ላከው። በሠረገላና በበረዶ ሸርታቴ እየተጓዘ ድርቅና ብርድ የሚችል፣ አልፋልፋ የሚባል የከብት መኖ ይዞ ተመለሰ። ያ ራሱን የቻለ ረጅም ታሪክ ነው፤ ዛሬ እንለፈው።

ሃንሰን የሚለው እንዲህ ነው፦ ብርድ የማይችልን ተክል ብርድ ልታስተምረው አትችልም። ተፈጥሮ እንኳን ያን ለማድረግ ዘመናት ይፈጅባታል። ብርዱን አስቀድሞ የሚችለውን ፈልግ፤ የጎደለውን ጣዕምና ትልቀት ደግሞ ከሌላ አምጣለት። ብርድ መቻል በትምህርት አይገኝም፤ ጣዕሙ ግን በሁለት መንገድ ይገኛል፤ በመምረጥና በማዳቀል።

መጀመሪያ መምረጥ። የዱር የአሸዋ ቼሪ ዘር ሰብስቦ ዘራ፤ ችግኞቹ በሺዎች የሚቆጠሩ ነበሩ። ፍሬ ሲይዙ አንድ በአንድ ቀመሰ። አብዛኛው አፍ የሚሰበስብ ነው። ከመቶዎቹ መሐል አንዱ ፍሬው ተለቅ ይላል፣ ሌላው ምሬቱ ይቀንሳል። የእነዚያን ዘር መልሶ ይዘራል፤ የቀረው ይነቀላል። ከልጆቹ ደግሞ የተሻሉትን እንደገና ይመርጣል።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሰዎች ብርድ ብርድ እያሉ የሚረሱት ነገር ስላለ ነው። ፖም ከዘር ተነሥቶ ፍሬ እስኪሰጥ ብዙ ጊዜ ስምንት ዓመትና ከዚያም በላይ ያስጠብቃል። ዘር የዘራህለት ልጅ ትምህርት ቤት ገብቶ፣ ማንበብ ችሎ፣ አንተ ገና የመጀመሪያውን ፍሬ ትጠብቃለህ። የአሸዋ ቼሪ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዓመት ያፈራል። እንግዲህ አስሉት፤ አንድ አዳቃይ በ30 ዓመት የሥራ ዘመኑ ከፖም ሦስት ትውልድ ቢያይ ነው። ከአሸዋ ቼሪ አሥር ያያል። እኔ እንደማምነው የሃንሰን ብልጠት ብርድ የሚችል ተክል ማግኘቱ ላይ ብቻ አይደለም፤ የሰው ዕድሜ የሚበቃውን ተክል መምረጡም ጭምር ነው። በተቃራኒው ዊልያም ሳንደርስ፣ የካናዳ የሙከራ እርሻዎች ኃላፊ፣ በዚያው ዘመን የሳይቤሪያን ትንንሽ ፖም ከትልልቁ ጋር አዳቀለ። ብርዱን የሚችሉ ልጆች አገኘ፤ ፍሬያቸው ግን ትንሽ ሆነ። እነሱን መልሶ ከትልልቁ ጋር ለማዳቀል ደግሞ እንደገና ዓመታት መጠበቅ ነበረበት።

ቀጥሎ ማዳቀል። በዚህስ ሃንሰን የመጀመሪያው አይደለም። ስፕሪንግፊልድ በምትባል የሚኒሶታ ከተማ ክኑድሰን የሚባል ሰው የአሸዋ ቼሪን ማይነር ከሚባል የአገሩ ፕለም ጋር አዳቅሎ «ኮምፓስ» የሚባለውን ዝርያ አወጣ። ይህ በ1890ዎቹ ነው። ኮምፓስ ዛሬም አለ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ሃንሰን የተመኘው ግን የሩቅ ጋብቻ ነበር። ካሊፎርኒያ ውስጥ ሉተር ቡርባንክ የሚባል ስመ ጥር አዳቃይ ትልልቅና ጣፋጭ ፕለሞች ያወጣ ነበር። አንዱ «ሱልጣን» ይባላል። ሱልጣን ዳኮታ ውስጥ ውጭ ቢተከል አንድ ክረምት አያልፍም። ስለዚህ ሃንሰን ዛፎቹን በገንዳ ተክሎ በመስታወት ቤት ውስጥ አሳደጋቸው። እዚያ ሙቀቱን እያስተካከለ ሁለቱን በአንድ ሰሞን ማስበብ ይቻላል። ሥራው እንዲህ ነው፦ የእናቲቱ እምቡጥ ሊፈነዳ አንድ ቀን ሲቀረው በቀጭን ወረንጦ ተከፍቶ ወንዴ ዘንጎቹ ይለቀማሉ። መሐል ያለችው ሴቴዋ ብቻዋን ትቀራለች። የአባቱ የአበባ ብናኝ በለስላሳ ብሩሽ ይቀባባታል። ከዚያ ንብ እንዳይደርስባት ትሸፈናለች። ከመቶ አበባ ጥቂቱ ነው የሚይዘው። ለእኛ እንግዳ ሥራ አይደለም፤ ደብረ ዘይት በ2006 የወጣው ቁንጮ ጤፍ የተገኘው እንዲሁ አንዱን በምርቱ፣ ሌላውን በንጣቱ መርጦ በማዳቀል ነው። የጤፍ አበባ ግን ከዚህኛው ጋር ሲወዳደር አቧራ ነው፤ እነዚያ ሰዎች ዓይናቸው ይባረክ።

ከአሸዋ ቼሪና ከሱልጣን «ሳፓ» ተወለደ። በ1908 «ኦፓታ» ከሚባል ወንድሙ ጋር ለገበሬ ተሰራጨ። ሳፓ በዳኮታ ቋንቋ ጥቁር ማለት ነው፤ ሥጋው እስከ ዘሩ ድረስ ወይን ጠጅ የመሰለ ነው። የኦፓታ ውስጡ አረንጓዴ ነው። ሃንሰን ለብዙ ዝርያዎቹ የዳኮታ ስም ነው የሚያወጣው። ፍሬውን አስቀድመው ያወቁት እነሱ ስለሆኑ ተገቢ ይመስለኛል፤ ግን ስሙን ሲሰጥ መሬቱ ከእጃቸው ወጥቶ ነበር፤ ይህንንም ሳልናገር አላልፍም።

አንዱን ዲቃላውን ሁላችሁም አይታችሁታል። በየሕንፃው ደጃፍ፣ በየመኪና ማቆሚያው ዳር የሚተከለው ቅጠለ ሐምራዊ ቁጥቋጦ አለ አይደል? «ሲስቴና» ይባላል፤ ትንሿ ማለት ነው። ሃንሰን የአሸዋ ቼሪን ቅጠለ ቀይ ከሆነ ፕለም ጋር አዳቅሎ ያገኘው ነው። ለፍሬ ሲለፋ የኖረ ሰው፣ ከሥራው ሁሉ በየቦታው የሞላው ለጌጥ የሚተከለው ሆነ።

ጉድለቱንም ልንገራችሁ። ሃንሰን ስም ለማውጣት ይቸኩል ነበር። እገሌ ከእገሌ የማይለይ ብዙ ዝርያ ለቀቀ፤ አብዛኛው ዛሬ የለም። ዲቃሎቹም የእናታቸውን ያህል ብርድ አይችሉም። እዚህ ማኒቶባ ሳፓ ብትተክሉ፣ ከበረዶው በላይ የቀረው ቅርንጫፍ በከባድ ክረምት ይቃጠላል፤ በረዶ የሸፈነው ይተርፋል። ስለዚህ እንደ ዛፍ ወደ ላይ አትሳቡት። ዝቅ ብሎ፣ ተንጋሎ ይደግ፤ ከመንገዱ ላይ የምትጠርጉትንም በረዶ እላዩ ጣሉበት። ፍሬ የሚይዘው ለጋ ቅርንጫፍ ላይ ስለሆነ፣ ያረጀውን አራት ዓመት ሳይሞላው ከሥሩ ቁረጡ። ቆርጦ መጣል የሚያሳዝናችሁ አላችሁ፤ አውቃችኋለሁ።

ሁለተኛውን ጥፋቴን ልናገርና ልጨርስ። ከጎረቤቴ ፍሬ በኋላ አንድ የአሸዋ ቼሪ ተከልኩ። አንድ። በሦስተኛው ዓመት ግንቦት ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ በነጭ አበባ ተሸፈነ፤ ጥጥ የተነሰነሰበት ይመስል ነበር። ፎቶ አንስቼ አገር ቤት ላክሁ። ነሐሴ ላይ አንድም ፍሬ የለም። ይህ ተክል በራሱ ብናኝ አይፀንስም፤ በዘር የማይመሳሰለው ሌላ የአሸዋ ቼሪ በአጠገቡ ይፈልጋል። ለሳፓና ለኦፓታም እንዲሁ ነው፤ ተራ ፕለም ቀድሞ አብቦ ስለሚያልፍ አይሆናቸውም። ለእነሱ የሚሻለው ያ የክኑድሰን ኮምፓስ ወይም ራሱ የአሸዋ ቼሪ ነው።

በሩ ጋ ባለው ካርቶን ውስጥ ችግኞች አሉ። ዘሩን ከሦስት ልዩ ልዩ ቁጥቋጦ ለቅሜ፣ እርጥብ አሸዋ ውስጥ አድርጌ፣ አራት ወር ማቀዝቀዣ ውስጥ ከቅቤው አጠገብ አኑሬ ያበቀልኳቸው ናቸው። በቤት ውስጥ ምን ያህል ወቀሳ እንዳስከተለብኝ አልነግራችሁም። የታሰረባቸው ክር ሦስት ቀለም አለው፤ ቀዩ ከአንዷ እናት፣ ቢጫው ከሌላዋ፣ አረንጓዴው ከሦስተኛዋ ነው። ሁለት ሁለት ውሰዱ፣ ክሩ አንድ ዓይነት እንዳይሆን። ውኃ የማይቋጥር፣ ፀሐይ የሚያገኝ ቦታ ስጧቸው፤ ፍግ አታብዙ። ከዘር የመጡ ስለሆኑ አንዱ ከሌላው አይመሳሰልም፤ ለእትዬ የደረሳት ጣፋጭ፣ ለጋሼ የደረሰው የሚያንገሸግሽ ሊሆን ይችላል። የሚያንገሸግሸው በስኳር ጥሩ ማርማላታ ይወጣዋል። በሦስተኛው ዓመት ነሐሴ ላይ ቀምሳችሁ የክሩን ቀለምና ጣዕሙን ጽፋችሁ አምጡልኝ፤ ላለማስቀየም ብላችሁ መራራውን ጣፋጭ እንዳትሉኝ። ከጣፈጠው ዘሩን እንዘራለን።

አመሰግናለሁ፤ ቡናው ይቅረብ።